ባህል ቤት፣ ሂሳብ ትምህርት ቤት? ስለ ናቫሆ ልጆች የተነሳ አንድ ክር

የማወራላችሁ የኢንተርኔት መድረክ አሜሪካ ያለው ሐበሻ ክፍል የሚከራይበት፣ መኪና የሚሸጥበትና ስለ መንጃ ፈቃድ ፈተና የሚጠያየቅበት ነው። ሰሞኑን ግን አንድ የትራክ ሹፌር ማንም ያልጠበቀውን ጥያቄ ጣለበት። ክሩ፣ ማለትም የመልሶቹ ሰንሰለት፣ እስከ 27ኛው መልስ ሄደ። ቁም ነገር አለው፤ ጭቅጭቁም ቀላል አይደለም። ስለዚህ በራሴ አነጋገር ልተርክላችሁ። የማንንም ስም አልጠራም። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ሹፌሩ በ40 ቁጥር አውራ ጎዳና ከካሊፎርኒያ ወደ ምሥራቅ ይመላለሳል። ኒው ሜክሲኮ ውስጥ ጋለፕ ላይ ያድራል። ናቫሆዎች ከአሜሪካ ነባር ሕዝቦች አንዱ ናቸው፤ ጋለፕ የእነሱ ክልል ጠርዝ ላይ ያለች ከተማ ናት። እዚያ ቡና ይዞ ተቀምጦ ከአንድ ናቫሆ አባት ጋር ወሬ ጀመሩ። የሰውየው ልጅ በምትማርበት ትምህርት ቤት ልጆቹ ጠዋት ጠዋት ተራ በተራ ተነስተው በናቫሆኛ ራሳቸውን ያስተዋውቃሉ። መጀመሪያ የእናት ጎሳ፣ ቀጥሎ የአባት፣ ከዚያ የእናት አባት፣ በመጨረሻ የአባት አባት። የሽመና ክፍለ ጊዜም አላቸው። ሹፌሩ ነገሩን ወደደው፤ ግን አልተዋጠለትም። በዚያ ክልል የቧንቧ ውሃ ያልገባበት ቤት ብዙ ነው። ኢንተርኔቱም እንደዚያው። እንዲህ ካለ ቤት የሚመጣን ልጅ ከድህነት የሚያወጣው ሂሳብ፣ ሳይንስና እንግሊዝኛ ነው አለ። ባህሉን እናትና አያት ቤት ያስተምሩት። ተሳስቼ ከሆነ አርሙኝ ብሎ በትህትና ጨረሰ።

ቁጥር 1 በአንድ መስመር ተስማማ። ቁጥር 2 ዳላስ የሚኖር አባት ነው፤ እሱ ሰፋ አድርጎ ነው የተስማማው። ልጆቹ ትምህርት ቤት ስለ ኢትዮጵያ አንድም ነገር አይማሩም። ቤት ግን አማርኛ ይሰማሉ፣ በዓል ያከብራሉ፣ ታላቅ ያከብራሉ። ታዲያ ምን ጎደለባቸው ይላል። ትምህርት ቤት የእንጀራ ጉዳይ ነው፤ ማንነት የቤት ጉዳይ። ላይኩን አፈሰ።

ቁጥር 3 ላይ ነገሩ ተገለበጠ። ጸሐፊዋ ነርስ ናት። በክልሉ ውስጥ ቺንሊ አካባቢ ሠርታለች። ባህል ቤት ይማር የሚባለው ትምህርት ቤቱ ቤቱን ካልነካ ነው ትላለች። እዚያ ግን ትምህርት ቤት የገባው ቤቱን ሊያፈርስ ነው። በ1864 የአሜሪካ ጦር የናቫሆን ሕዝብ ከአገሩ ነቅሎ በእግሩ እየነዳ ቦስክ ሬዶንዶ ወደሚባል ቦታ አጋዘው። በ1868 ወደ አገራቸው የሚመለሱበት ውል ተፈረመ። የውሉ 6ኛ አንቀጽ ከ6 እስከ 16 ዓመት ያሉ ልጆች ትምህርት ቤት እንዲገቡ ያስገድዳል። ከዚያ አዳሪ ትምህርት ቤቱ መጣ። ፀጉር ተቆረጠ፣ ስም ተቀየረ፣ ቋንቋ ተከለከለ።

ነርሷ አንዲት ታካሚዋን አስታወሰች። አሮጊት ናቸው። ስለ መድኃኒታቸው በእንግሊዝኛ ስትነግራቸው ዝም ብለው ያዩዋታል። እንግሊዝኛ የማይችሉ መስሏት አስተርጓሚ ጠራች። ለካ ሴትየዋ እንግሊዝኛ አቀላጥፈው ይናገራሉ። ልጅ ሳሉ ትምህርት ቤት ውስጥ ናቫሆኛ ሲናገሩ ተይዘው አፋቸው በሳሙና ታጥቧል። ከዚያ ወዲህ አዛዥ የሚመስል ሰው ፊት ሲቆሙ በሁለቱም ቋንቋ አንደበታቸው ይታሰራል። ነርሷ በዚህ ነው የጨረሰችው። ማብራሪያ አልጨመረችም።

ሹፌሩ ቁጥር 4 ላይ አመሰገናት። እህቴ እያለ ነው የጻፈው። ግን ያ የድሮ ነው፣ እኔ የጠየቅኩት ስለ ዛሬ ልጆች ነው ሲል ያዝ አደረጋት።

ቁጥር 5 የታሪክ ሰው ነው። በየመድረኩ አንድ አይጠፋም፤ ሁሌም ረጅም ይጽፋል። ነርሷን በአክብሮት አረማት። ውሉ ራሱ አዳሪ ትምህርት ቤት አላለም። ለእያንዳንዱ 30 ልጅ አንድ የትምህርት ቤት ቤትና አንድ መምህር ነው ቃል የተገባው። መንግሥት ያንን ለብዙ ዓመታት አላደረገም። በሌላ በኩል ካፒቴን ሪቻርድ ሄንሪ ፕራት በ1879 ፔንስልቬንያ ውስጥ ካርላይል የሚባለውን አዳሪ ትምህርት ቤት ከፈተ። የናቫሆ የጦር መሪ የነበረው ማኑዌሊቶ ልጆቹን ወደዚያ ላከ። በበሽታ አጣቸው። ይህ ሁሉ ደርሶበት እንኳ ማኑዌሊቶ ዛሬ የሚታወሰው ተማሩ ባይ ሆኖ ነው፤ የናቫሆ መንግሥት ለኮሌጅ ተማሪዎቹ የሚሰጠው ስኮላርሺፕ በስሙ ይጠራል። የታሪክ ሰውዬው ነጥብ ቀጥተኛ ነው። ናቫሆዎች ትምህርትን ጠልተው አያውቁም። የጠሉት ልጅ ወስዶ ባዕድ የሚመልሰውን ትምህርት ቤት ነው።

ቁጥር 6 በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በናቫሆኛ ሚስጥራዊ መልእክት ያስተላለፉትን ወታደሮች አነሳ። ቁጥር 7 ስለ ናቫሆ ወሬ በተነሳ ቁጥር እነዚህ ወታደሮች መጠራታቸው ሰልችቶኛል አለ። መሰልቸቱ ይገባኛል። ግን ዓመቱ ሊታለፍ አይገባም ነበር። የመጀመሪያዎቹ 29 ምልምሎች የገቡት በ1942 ነው። ያኔ በትምህርት ቤት ናቫሆኛ መናገር የሚያስቀጣ ነበር። አንዱ የመንግሥት ክንድ የሚቀጣበትን ቋንቋ ሌላው ክንድ መሣሪያ አደረገው። ክሩ ውስጥ ይህን ያነሳ የለም።

አሁን ወደ ዋናው ገባን። ቁጥር 8 አሪዞና ውስጥ በትምህርት ጥናት ዶክትሬቱን እየሠራ ያለ ሰው ነው። ሹፌሩ ስለ ዛሬ ልጆች ከጠየቀ ከራፍ ሮክ መጀመር አለብን አለ። ራፍ ሮክ አሪዞና ውስጥ ከቺንሊ ራቅ ብላ ያለች ትንሽ መንደር ናት። በ1966 እዚያ የተከፈተው ትምህርት ቤት በአሜሪካ በነባር ሕዝብ ማኅበረሰብ ቁጥጥር ስር የዋለ የመጀመሪያው ነው። የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሮበርት ሮስል ይባላል። ቦርዱ ግን በሙሉ በአካባቢው ሕዝብ የተመረጠ፣ በሙሉ ናቫሆ ነበር። አብዛኞቹ የቦርድ አባላት ከጥቂት ዓመት በላይ የክፍል ወንበር ላይ አልተቀመጡም። እነሱ ናቸው በጀት ያጸደቁት።

ከዚያ ያደረጉትን ዘረዘረ። እኔ ደስ ያለኝ የመኝታ ቤቱ ነገር ነው። መንገዱ ሩቅ ስለሆነ ልጆቹ ማደር ነበረባቸው። ቦርዱ አዳሪነቱን አልሰረዘም፤ ውስጡን ቀየረው። ወላጆች በተራ እየመጡ ደሞዝ እየተከፈላቸው ከልጆቹ ጋር እንዲያድሩ አደረገ። ማታ ማታ ሽማግሌዎች ገብተው ተረት ያወራሉ። ቅዳሜና እሁድ ልጆቹ ቤታቸው ይሄዳሉ። በናቫሆኛ የሚታተም መጽሐፍ ስላልነበረ ትምህርት ቤቱ የራሱን ማዘጋጃ ማዕከል አቋቋመ። ባህላዊ ፈዋሾች ወጣት ተተኪ የሚያሠለጥኑበት ፕሮግራም ሳይቀር ነበረው። ከሁለት ዓመት በኋላ በ1968 የናቫሆ ኮሌጅ ተመሠረተ፤ ዛሬ ዲኔ ኮሌጅ የሚባለው ነው። በነባር ሕዝብ የተቋቋመ የመጀመሪያው ኮሌጅ እሱ ነው። ዲኔ ናቫሆዎች ራሳቸውን የሚጠሩበት ስም ነው። ኮሌጁ ትምህርቱን በአራት ደረጃ ያዋቅራል፤ ማሰብ፣ ማቀድ፣ መኖር፣ መለስ ብሎ ማስተዋል። እያንዳንዱ ደረጃ አንድ አቅጣጫ አለው፤ ከምሥራቅ ይጀምራል።

እኔ ይህን ሳነብ የሹፌሩ ጥያቄ አቀማመጡ ላይ ችግር እንዳለ ታየኝ። ባህል ወይስ ሂሳብ ተብሎ ነው የቀረበው። ራፍ ሮክ ላይ የተቀየረው መጀመሪያ ወንበሩ ነው፤ ማን ይቀጥራል፣ ማን ያባርራል፣ ልጁ መቼ ቤቱ ይሄዳል የሚለውን ማን ይወስናል። ሥልጣኑ ባልተቀየረበት ቤት ባህል የሚገባው ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ሥዕል ሆኖ ነው።

ቁጥር 9 ላይ አንድ ሰው መጣ። የሂሳብ ሰው እለዋለሁ፤ ኢንጂነር ነኝ ብሏል። ታሪኩ ልብ ይነካል፣ ውጤቱ የታለ አለ። እንዲህ ደረቅ አድርጎ።

ቁጥር 10 ላይ የዶክትሬቱ ሰው መለሰ። ሮክ ፖይንት የሚባል ሌላ የናቫሆ ትምህርት ቤት አለ። እዚያ ልጆቹ ማንበብ የሚጀምሩት በናቫሆኛ ነበር። እንግሊዝኛ መጀመሪያ በንግግር ይሰጣቸው ነበር፤ ማንበቡ የሚመጣው ሁለተኛ ክፍል ላይ ነበር። እነዚህ ልጆች ከፍ ሲሉ በእንግሊዝኛ ፈተና በእንግሊዝኛ ብቻ ከተማሩት በሌሎች ትምህርት ቤቶች ካሉ የናቫሆ ልጆች በለጡ። ፎርት ዲፋያንስ በምትባል የክልሉ ከተማ ደግሞ በ1986 በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች በአብዛኛው በናቫሆኛ የሚያስተምር ፕሮግራም ተጀመረ። እዚያ ያሉት ልጆች በእንግሊዝኛ ብቻ ከሚማሩት በሂሳብ የተሻሉ ሆኑ። በመደበኛው የእንግሊዝኛ ንባብ ፈተና ግን መጀመሪያ ወደ ኋላ ቀርተው እየቆዩ ነው የደረሱት። ይህን አልደበቀም፤ ሰውየውን በዚህ አከበርኩት። ዩታ ውስጥ ለዓመታት የናቫሆ ወጣቶችን የተከታተለችውን ዶና ዴይልንም ጠቀሰ። እሷ ያገኘችው በባህላቸው የቆሙት ተማሪዎች ከባህላቸው ከተነቀሉት ይልቅ በትምህርታቸው እንደሚበረቱ ነው።

የሂሳብ ሰው አልረካም። ቁጥር 11 ላይ ራፍ ሮክን ራሱን ይዞ መጣ። በ1969 የወጣው የመጀመሪያው ግምገማ ትምህርት ቤቱን ክፉኛ ነቅፎታል፤ ያንን ለምን ዘለሉት አለ። እውነቱን ነው፤ ኤሪክሰን የተባለው ተመራማሪ የመራው ግምገማ ነበር፤ ብዙ አጨቃጭቋል። የሂሳብ ሰው ጨምሮ እነዚህ ትምህርት ቤቶች በአጭር ጊዜ የእርዳታ ገንዘብ ስለሚኖሩ ገንዘቡ ሲያልቅ መምህሩም መጽሐፉም አብሮ ይጠፋል አለ። ይህ ሁለተኛው ነጥብ ከግምገማው ይልቅ ይከብዳል ባይ ነኝ። ማንም ግን አልተከተለውም፤ ሁሉም የመጀመሪያው ላይ ተረባረበ።

እስከዚህ ድረስ እርስዎ ሲባባሉ ነበር። ቁጥር 12 ላይ አንተ ተባለ። የታሪክ ሰው በማን ሜትር ነው የምትለካው ብሎ ጀመረ። ሦስት ዓመት ያልሞላው ትምህርት ቤት ከመቶ ዓመት ጥፋት ጋር እንዴት ይመዘናል አለ። እስከዚህ ጥሩ ነበር። ከዚያ ግን የኢንጂነሩን አስተዳደግ ነካ። ቁጥር 13 የሂሳብ ሰው በባሰ መለሰ። ቁጥር 14 ከዳር ሆኖ ቤንዚን ጨመረ። ቁጥር 15 የመድረኩ አስተዳዳሪ ነው፤ ሁለቱንም አስጠነቀቀና አንድ አንድ መልሳቸውን ቆረጠ። የተቆረጠውን አልተርክላችሁም።

ቁጥር 16 ባይመጣ ክሩ እዚያው በሞተ ነበር። አንዲት መምህርት ናት። አገር ቤት አስተምራለች፤ አሁን በክልሉ ውስጥ ባለ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አራተኛ ክፍል ታስተምራለች። አጠገቧ ያሉት መምህራን ግማሾቹ ከፊሊፒንስ የመጡ ናቸው። እዚያ አካባቢ መምህር ስለማይገኝ ከሩቅ ያስመጣሉ። የመጀመሪያ ዓመቷን ተረከች። ከእሷ በፊት የነበረችው መምህርት ክፍሉን በጉጉት ሥዕል አስጊጣዋለች። መጽሐፍ የያዘ ጉጉት፣ መነጽር ያደረገ ጉጉት። ለፈረንጅ ጉጉት የጥበብ ወፍ ነው። ለናቫሆ ግን ክፉ ወሬ አምጪ ነው። እኛም ዘንድ ቢሆን ጉጉት ጣራ ላይ ሲጮህ ደስ የሚለው የለም። ልጆቹ ምንም አላሉም። ብቻ በዚያ ግድግዳ በኩል ያሉት ወንበሮች ላይ የሚቀመጥ ጠፋ። ምክንያቱን የነገረቻት የክፍሉ ረዳት የሆነች ናቫሆ ሴት ናት። በማግስቱ ሥዕሉ ተነሳ።

ሁለተኛው ታሪኳ ይብሳል። የትምህርት ቤቱ አስተዳደር በሚያዝያ ወር የባህል ሳምንት አዘጋጀ። ጥሩ አስበው ነው። በዝርዝሩ ውስጥ በጣት ላይ ክር እየጠለፉ ኮከብ፣ ድንኳን፣ ወፍ የሚሠሩበት የናቫሆ ጨዋታ አለ። ክሩ ተገዛ፣ ለየልጁ ታደለ። ከልጆቹ ብዙዎቹ እጃቸውን ከጠረጴዛ ስር ከተቱ። ይህ ጨዋታ የክረምት ነው፤ የብርዱ ወቅት። ኮዮት የሚባለው የዱር ውሻ ተረቶችም እንደዚያው። እባብና ድቡ በተኙበት፣ ሸረሪቷ በጠፋችበት ጊዜ ብቻ ነው የሚነካው። በማግስቱ አንዲት አያት መጥተው ርእሰ መምህሩን አነጋገሩ። አልጮሁም። ማን ጠይቃችሁ ነው ብቻ አሉ።

የሂሳብ ሰው እንግዲህ ሂሳቡስ የት አለ ብሎ ሳይጠይቃት አልቀረም፤ ወይም እሷ ገምታለች። በዚያው መልስ ውስጥ ስለ ውሃ ጻፈች። ከተማሪዎቿ ብዙዎቹ ቤት ውሃ የሚመጣው በፒካፕ ተጭኖ ነው። ስለዚህ ማባዛትን በበርሜል ታስተምራለች። አንድ ጋሎን ውሃ 8.34 ፓውንድ ይመዝናል። 55 ጋሎን የሚይዝ በርሜል ሲሞላ ስንት ይከብዳል? ወደ 459 ፓውንድ። አራት በርሜልስ? ወደ 1,835። 275 ጋሎን የሚይዘው ትልቁ የፕላስቲክ ታንክስ? ከ2,290 በላይ። የአያታችሁ ፒካፕ ይህን ይችላል ወይ ብላ በሩ ላይ የተለጠፈውን የጭነት ልክ አንብበው እንዲመጡ ላከቻቸው። አንድ ልጅ አያቱ ታንኩን ለምን ሁልጊዜ አጉድለው እንደሚሞሉት አሁን እንደገባው ነገራት። ከሁሉም ቀድሞ የጨረሰው እሱ ነው።

ቁጥር 17 ሹፌሩ ነው። ባህሉን ትቶ ታንኩን ያዘ! አጉድሎ መሙላቱ ሌላ አደጋ አለው አለ። ግማሽ የሞላ ታንክ ፍሬን ሲያዝ ውሃው ወደ ፊት ይወረወራል፤ መኪናውን ይገፋል። መታጠፊያ ላይ ደግሞ ወደ ጎን ይጥላል። ስለዚህ ሽማግሌው አንዱን ትልቅ ታንክ ትተው አራት በርሜል ሞልተው ቢጭኑ ይሻላቸዋል፤ ውሃው በየበርሜሉ ስለሚታጠር አይናወጥም። በርሜሎቹን እንዴት እንደሚያስሩም ጻፈ። መምህርቷ ቁጥር 18 ላይ ይህን ለልጆቹ ጥያቄ አድርጌ አቀርበዋለሁ አለች። ቁጥር 19 ላይ አንድ ሰው የታንከር ፈቃድ ለማውጣት ፈተናው ከባድ ነው ወይ ብሎ ጠየቀ። ከእሱ በታች ስለ ታንከር ክፍያ የተጻፈውን አስተዳዳሪው ወደ ሌላ ክር አዛወረው።

ነርሷ ቁጥር 20 ላይ ተመለሰች። ይህኛው መልሷ ለሁለቱም ወገን አይመችም። ናቫሆ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም አለች። የድሮውን ሥርዓት አጥብቆ የያዘ አለ። ክርስቲያን አለ፤ የልጁ ክፍል ውስጥ የሥርዓት መዝሙር እንዲዘመር የማይፈልግ። ሥርዓቱን የሚጠብቁትም ቢሆኑ ሁሉ ነገር ትምህርት ቤት ይግባ አይሉም። ልጃገረድ ለአካለ መጠን ስትደርስ የሚደረግላት የአራት ቀን ሥርዓት አለ። ልጅቷ ጎህ ሲቀድ ወደ ምሥራቅ ትሮጣለች፤ በቆሎ ትፈጫለች፤ በመጨረሻ ሌሊት መሬት ውስጥ ተቆፍሮ ትልቅ የበቆሎ ኬክ ይጋገራል። ይህ የቤተሰብ ነው፤ የክፍል ትምህርት አይሆንም። ስለዚህ ሹፌሩ ቤት ያስተምሩት ያለው ለዚህ ይሠራል። ትምህርት ቤቱ ግን ልጅቷን አራቱንም ቀን ቀሪ ብሎ ይመዘግባታል። ነርሷ የምታውቃት አንዲት እናት ልጇ በቀሪ ብዛት ማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደርሷታል። የትኛው ትምህርት ቤት እንደሆነ አልጻፈችም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ባህሉን የማያስተምር ትምህርት ቤት ቢያንስ ቤት ስትማረው ባይቀጣት ምን ነበረበት?

ቁጥር 21 የዶክትሬቱ ሰው ቤት የሚለውን ራሱን ጠየቀ። በ1960ዎቹ መጨረሻ አንደኛ ክፍል ይገቡ ከነበሩት የናቫሆ ልጆች አብዛኞቹ ናቫሆኛ ተናጋሪ ነበሩ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በክልሉ መዋዕለ ሕፃናት በተደረገ ጥናት ከልጆቹ ከግማሽ በላይ የሚናገሩት እንግሊዝኛ ብቻ ሆኖ ተገኘ። በአንድ ትውልድ! አያት ይናገራሉ፣ እናት ትሰማለች፣ ልጅ አያውቅም። ታዲያ ማን ቤት ያስተምረው? ነገሩ እስከ ምርጫ ደርሷል። በ2014 ለናቫሆ ፕሬዚዳንትነት የተወዳደረው ክሪስ ዴሺኒ ሕጉ የሚጠይቀውን የናቫሆኛ ችሎታ ባለማሳየቱ ከውድድሩ ተሰረዘ። በ2015 ሕዝቡ ድምፅ ሰጥቶ የቋንቋውን ጉዳይ ለመራጩ ተወው። ቁጥር 22 የዳላሱ አባት ነው፤ አዳሪ ቤት ላሳደገው ሰው የልጅ ልጅ ቋንቋህን ለምን አልቻልክም ብሎ መከልከል ግፍ ነው አለ። በክሩ ውስጥ ካነበብኩት በጣም የገረመኝ ይህ ነው፤ ሁለተኛው መልስ ላይ ማንነት የቤት ጉዳይ ነው ያለው እሱ ነበርና።

ከዚያ ወሬው ወደ እኛ መጣ። መምጣቱ አይቀርም ነበር። የቅዳሜ አማርኛ ትምህርት፣ የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ፣ ሞባይል ከሚነካካ ልጅ ጋር ሀ ሁ ማለት። ቁጥር 23 ላይ ሁለት ሦስት ሰው በአንድ ጊዜ ጻፈ። አንዱ የ1994ቱን የኢትዮጵያ የትምህርት ፖሊሲ ሲያነሳ ምን እንደተከተለ ታውቁታላችሁ። አልፈዋለሁ።

የታሪክ ሰው ቁጥር 24 ላይ መለሳቸው። ረጋ ብሎ ነበር፤ አስተዳዳሪው የቆረጠው ሳይጠቅመው አልቀረም። እኛ በቪዛ የመጣን ነን፣ እነሱ በውል የቆዩ ናቸው አለ። እነሱ መብት የሚጠይቁት ከተፈረመ ወረቀት ተነስተው ነው። በ2005 የናቫሆ ምክር ቤት በትምህርት ላይ ያለውን ሉዓላዊነት የሚደነግግ ሕግ አወጣ፤ የራሱ የትምህርት መሥሪያ ቤትም አለው። በ2018 ደግሞ አንድ የኒው ሜክሲኮ ዳኛ ግዛቱ ለነባር ሕዝብ ልጆችና ለሌሎች ተማሪዎች በቂ ትምህርት አልሰጠም፣ ሕገ መንግሥቱን ጥሷል ብለው ፈረዱ። ከከሳሾቹ አንዷ የጋለፕ ናቫሆ እናት ዊልሄልሚና ያዚ ናት፤ ክሱ እስካሁን በስሟ ይጠራል። ሹፌሩ ቡና የጠጣባት ከተማ ማለት ነው።

ቁጥር 25 የሂሳብ ሰው ነው። ይቅርታ አልጠየቀም፤ ግን የተሻለ ጥያቄ ይዞ መጣ። ራፍ ሮክና ሮክ ፖይንት ጥቂት ናቸው፤ አብዛኛው የናቫሆ ልጅ የሚማረው በግዛቶቹ መደበኛ የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው። የአሜሪካ ትምህርት ቤት ደግሞ ብዙ ገንዘብ የሚያገኘው ከቤትና ከመሬት ግብር ነው። የክልሉ መሬት ግብር አይከፈልበትም። ስለዚህ ሀብታም ሰፈር ቦንድ ሸጦ መዋኛ ገንዳ ሲሠራ፣ እዚህ ጣራ ለማደስ ከዋሽንግተን የሚመጣ ማካካሻ ይጠበቃል። ማካካሻውን ግዛቱ ከራሱ ድርሻ ላይ ቀንሶ ሊያስብ ይችላል ወይ የሚለው ክርክር በ2007 ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሷል፤ በ5 ለ4 ድምፅ የጋለፕና የጎረቤቷ የዙኒ ትምህርት ቤቶች ተሸነፉ። ቦርዱ ናቫሆ ይሁን፣ ሸማኔዋም ትቀጠር፤ በምን ደሞዝ? ይህን ማንም አልመለሰለትም። እኔም ከመጀመሪያው መልሱ ይልቅ ለዚህኛው ነው ላይክ ያደረግኩት።

ቁጥር 26 ላይ አዲስ ሰው ብቅ አለ። መምህር ነኝ፣ እዚያ ሥራ ይገኛል ወይ ይላል። መምህርቷ ቶሎ መለሰችለት፤ በዚያው ቁጥር ስር ነው የጻፈችው። ይገኛል። ትምህርት ቤቱ መኖሪያ ቤት ይሰጣል፤ አሮጌ ነው ግን ሙቀት አለው። የግሮሰሪ መደብሩ ሩቅ ስለሆነ ጤፍህን ከፊኒክስ በብዛት ይዘህ ና። በረዶና ዝናብ ሲጥል የአፈር መንገዱ ጭቃ ይሆናል፤ አውቶቡሱ አይወጣም፤ ግማሽ ክፍል ይቀራል፣ አትቆጣ። የክፍል ረዳትህ ናቫሆ ከሆነች ግድግዳህ ላይ አንድ ነገር ከመለጠፍህ በፊት አማክራት። የራስህን ጎሳ ስትጠየቅ ደግሞ የለኝም አትበል፤ ልጆቹ ያዝኑልሃል። ከየት እንደመጣህ፣ የእናትህና የአባትህ አገር የት እንደሆነ ንገራቸው፤ ይበቃቸዋል።

ቁጥር 27 ያው ሰው ነው። ደሞዙ ስንት ነው ብሎ ጠይቋል።